በመሐረብ የመጡ ሽምብራና ባቄላ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፣ ዳቦ አስቆርሰው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «ሲስተር እቴነሽ ሥራቸውን በትጋትና ያለ ነቀፋ ፈጽመዋል» ይላል። ትጋቱን አልክድም፤ እንደ በቅሎ ሠርቻለሁ። «ያለ ነቀፋ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ፊቴ ጋለ። የጻፈው ልጅ አዲስ ተቀጣሪ ስለሆነ አያውቅም። የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከተትኩትና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የተወለድኩት ኩታበር ነው። ነርስ ሆኜ የተመረቅኩት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ሲሆን መጀመሪያ የተመደብኩት ከላላ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ከበቃ ይመስገን የሚባልበት ጊዜ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። ክሊኒኩን የያዙት ጋሽ ይመር የሚባሉ የጤና ረዳት ነበሩ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ፣ ነጭ ጋዋናቸውን ራሳቸው አጥበው ራሳቸው የሚተኩሱ ሰው ናቸው። እኔ ዲፕሎማ ስላለኝ በወረቀት አለቃቸው ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

የጋሽ ይመር ሰላምታ አያልቅም። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ስትገባ፣ ልጁን ከማየታቸው በፊት ቤቱን በሙሉ በቃል ይዞሩታል። አባትየው ደህና ከረመ? አማቲቱስ? ላሟ ወለደች? ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ገባች? ዛሬ ቤት ማን ቀረ? እናትየዋ «አልሐምዱሊላህ» እያለች አንድ በአንድ ትመልሳለች። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ አጠገባቸው ቆሜ በንዴት እጨሳለሁ። ሰልፉ አጥሩ ጋ ደርሷል፣ እሳቸው ስለ ላም ያወራሉ።

መድኃኒት ሲሰጡም ሌላ ጉድ አላቸው። ኪኒኑን እናትየዋ መዳፍ ላይ ያስቀምጡና «አሁን ቤትሽ ገብተሻል እንበል፤ እንዴት እንደምትሰጪው አሳዪኝ» ይሏታል። አንድ ቀን አንዲት ሴት የሰጧትን ኪኒን በጥርሷ ለአራት ከፍላ ጠረጴዛው ላይ አራት ቦታ አስቀመጠችው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋሽ ይመር አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ወረቀት አወጡና የአራቱን ልጆች ስም ጠየቋት፤ የቀሩትን ሦስቱን በማግሥቱ አስመጥተው አዩአቸው። ምሳ ላይ «እናት ለአንዱ ልጇ ሰጥታ ሌላውን ዝም ብላ የምታይ መሰለሽ?» አሉኝ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን የምታነቡ ሁሉ ይህን እወቁልኝ፤ የጣለኝ ያልተማርኩት ነገር አይደለም።

ከከላላ ወደ ማሻ ተዛወርኩ። እዚያ አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ቅጹ ከሞላ በሽተኛው የዳነ ይመስለዋል። ስቄበታለሁ፤ ግን ሳላውቀው ተጋባብኝ። መካነ ሰላም ስደርስ እኔም ባዶ ሳጥን ያለው ቅጽ ካየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ሆኜ ነበር።

የተመደብኩበት ክፍል ማንም የማይፈልገው ነው። በአንድ መርፌና በአንድ ሳምንት የማይድኑ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ነበር፤ የሚጥላቸው፣ እግራቸው ቆልማማ ሆኖ የተወለዱ፣ ጭንቅላታቸው ውኃ የቋጠረ፣ አንገታቸው የማይጠና። ለእነዚህ ልጆች ችግሩ ሐኪም ማጣት ብቻ አይደለም። አንዱ ልጅ ጀሶውን ደሴ ይታሰራል፣ ኪኒኑን ከእኔ ይወስዳል፣ ቀበሌ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ ለብቻዋ ትመክረዋለች፤ ቤተሰቡ በጎን ጠበል ወይም ሼኽ ጋ ይወስደዋል። ሁላችንም በየፊናችን እንደክማለን። እርስ በርስ ግን አንጠያየቅም። ደሴ የታሰረውን ጀሶ ምን እንዳደርገው ሳላውቅ በውኃ አርሼ የፈታሁበት ቀን አለ፤ ለምን እንደታሰረ የሚነግረኝ ወረቀት አልነበረማ።

በግምገማ ላይ የእኔ ክፍል ሰልፍ ረዘመ ተባልኩ። እውነት ነው፤ መጀመሪያ ላይ የጋሽ ይመርን ሰላምታ ይዤ ነበር የገባሁት። ከዚያ ግምገማ በኋላ ላሟን ተውኩ፣ አማቲቱን ተውኩ። በመጨረሻ «ዛሬ ቤት ማን ቀረ» የሚለውንም ተውኩት። ሰልፉ አጠረ። በሚቀጥለው ግምገማ ተመሰገንኩ፤ ደስም አለኝ።

እማማ ሐዋ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከተሽከርካሪው መንገድ ወርደው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ያለው ገደላማ አገር ይኖራሉ። ይዘውት የመጡት ሰይድን ነበር፤ የሟች ልጃቸው ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ፣ ዓይነ ትልቅ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጥለዋል። መዘንኩት፤ የዚህ መድኃኒት መጠን የሚለካው በክብደት ነው። በቀን አንድ ኪኒን ጀመርኩለትና በድንገት ማቋረጥ እንደማይቻል አስጠነቀቅኋቸው። እማማ ሐዋ ማንበብ ስለማይችሉ ስንት ጊዜ እንደጣለው እንዲይዙልኝ አንድ ዘዴ ነገርኳቸው። በጣለው ቁጥር አንድ ፍሬ ሽምብራ መሐረባቸው ላይ ይቋጥራሉ፤ በወሩ ሲመጡ እኔ እቆጥራለሁ። ዘዴዬን ለባልደረቦቼ ሁሉ አውርቼአለሁ፤ ኩራቴ ነበር።

ለወራት በደንብ ሄደ። ሽምብራው እየቀነሰ መጣ። ከዚያ በአንዱ ወር መሐረቡን ስፈታው ከሽምብራው ጋር ባቄላ ተቀላቅሎ አገኘሁ። ሽምብራ አልቆባቸው ይሆናል ብዬ አብሬ ቆጠርኩት። በሚቀጥለውም ወር ሁለቱ ተቀላቅለው መጡ። እማማ ሐዋ እየቆጠርኩ እጄን ያዩ ነበር፤ አሁን ሳስበው እጄን ብቻ ሳይሆን ፊቴንም ነበር የሚያዩት። ቆጠርኩ፣ ካርዱ ላይ ጻፍኩ፣ ፍሬውን መለስኩላቸው። የመውደቁ ቁጥር ስላልቀነሰ ኪኒኑን አንድ ተኩል አደረግኩት። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ልጁ ይህን ያህል እየወሰደ ለምን አይደነዝዝም? ለምን አይወላገድም? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣብኝ መልሱን ከካርዱ ነበር የምፈልገው። ካርዱ ደግሞ የሚያውቀው እኔ የጻፍኩበትን ብቻ ነው።

በመጨረሻ መድኃኒቱ አልሠራለት ብሏል ብዬ ደሴ ወዳለ ሆስፒታል ላክሁት። ደብዳቤውን አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሦስት ኪኒን በቀን፣ ሳያቋርጥ፣ በአያቱ ክትትል እየወሰደ እንደሆነ አስረዳሁ። እማማ ሐዋ የቀረውን ኪኒን በሙሉ ለሐኪሞቹ እንዲያሳዩ ይዘው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው ትንሽ ቆሙ። «ስንት ቀን ያቆዩን ይሆን?» አሉኝ። ሦስት ቀን ቢሆን ነው አልኳቸው። መቼ እንደሚመለሱ መጠየቃቸው ለከብቱና ለማሳው መስሎኝ ነበር።

አስተኙት እንጂ በሦስት ቀን አልለቀቁትም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከሆስፒታሉ ተደወለልኝ። ልጁ እንቅልፉ ከብዶ አልነቃ ብሏል፣ ትንፋሹም ቀርፏል አለኝ ዶክተሩ፤ በትህትና ነው የሚያወራው። እዚያ የሰጡት በእኔ ደብዳቤ ላይ ያለውን መጠን ብቻ እንደሆነ፣ አሁን ሌላ ምክንያት እየፈለጉ እንደሆነ ነገረኝ። «ሦስት ኪኒን መውሰዱን እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። በእጄ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩት። እንዲያውም ተቀየምኩት። ስልኩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ረፋድ ላይ እንደገና ተደወለ። የእማማ ሐዋ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መሠረት ናት። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ሲስተር፣ ያቺ የእናንተ ታካሚ ከጠዋት ጀምሮ እየጣላት ነው፤ አላቆም አላት» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

«እማማ ሐዋ ቤት ያለችው። ኢክራም።»

«እማማ ሐዋ ወንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሱም ደሴ ነው» አልኳት።

«ሁለት ናቸው፣ ሲስተር። ሁለቱም የእናንተን መድኃኒት ነው የሚወስዱት።»

ክው አልኩ። ማንም ሳያስረዳኝ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ ሦስቱ ኪኒን፣ የልጁ አለመደንዘዝ፣ ባቄላው። ሰይድ በሕይወቱ ሦስት ኪኒን በቀን ወስዶ አያውቅም፤ አንድ ተኩል ነበር የሚደርሰው። ደሴ ግን ነርሶቹ በእጃቸው ሙሉውን ሰጡት። ኢክራም ደግሞ አያቷ ትተውላት የሄዱት የጥቂት ቀን ኪኒን አልቆባታል። በድንገት ማቋረጥ እንደማይቻል ለእማማ ሐዋ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን ከቤቱ አሟጠው እንዲሄዱ ያዘዝኳቸውም እኔው ነኝ።

አምቡላንሱ ለወረዳው ከተሰጠ ገና ዓመቱ ነበር። መጣሉን የሚያቆመውን የዲያዜፓም መርፌ ይዤ ገባሁና ሾፌሩን ንዳ አልኩት። መንገድ ላይ ኔትዎርኩ ሳይጠፋ ደሴ ደወልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ልጁ የሚወስደው ግማሹን ነበር፣ አቁሙለት ብዬ ጮህኩ። ዶክተሩ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ገብቶኛል ብሎ ዘጋው። ሾፌሩ በመስታወት ያየኝ ነበር። እኔ የማላውቃትን ልጅ ስም እየደጋገምኩ እንደነበር በኋላ ነገረኝ።

መኪናው ከሚቆምበት ወርጄ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች አየሁ፤ ከእኛ ጋር ለመገናኘት እየወጡ ነበር መሰለኝ። ግን እየሄዱ አይደለም። ቃሬዛውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው አጠገቡ ተቀምጠዋል። መሠረት ቆማለች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ጋቢውን ገለጥኩት። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሰይድን ዓይን የመሰለ ዓይን አላት፤ ግማሽ ተከፍቷል። መርፌውን በእጄ እንደያዝኩ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ሰይድ በሦስተኛው ቀን ነቃ። ሐዘን ለመድረስ እማማ ሐዋ ቤት የሄድኩት እሳቸው ከደሴ በተመለሱ በሳምንቱ ነው። ይረግሙኛል፣ ያስወጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። መደብ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እያለቀሱ ነገሩኝ። ኢክራም የሴት ልጃቸው የሐያት ልጅ ናት። ሐያት ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ልጇን ጡት ባስጣለቻት በወሩ ነው ጥላት የሄደችው። ልጅቱን መጣል ሲጀምራት ቤተሰቡ ለእናቷ እንዳይነገር ተማከሩ። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለው ፈሩ። መካነ ሰላም ደግሞ ልጅ ወይ እህት ዓረብ አገር ያልሄደችበት ቤት የለም፤ ኢክራም ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ በታየች በማግሥቱ ወሬው ጅዳ ይደርሳል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ። ልጆቹ ከአንድ ገበታ የሚበሉ ናቸው። እማማ ሐዋ ኪኒኑን በምላጭ እኩል እየከፈሉ ለሁለቱም ሰጡ። ደሴ ሲሄዱ ልጅቱን ከሦስት ቀን ኪኒን ጋር ለጎረቤት አደራ ብለው ነበር።

«ሽምብራው የሰይድ ነበር፣ ልጄ፤ ባቄላው የእሷ» አሉኝ። «በአፌ መናገር ፈራሁ። ይኼ ባቄላ ምንድን ነው ትይኛለሽ እያልኩ በየወሩ አመጣሁልሽ። ወላሂ፣ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»



ከዚያ የበለጠ ያስደነገጠኝ ደግሞ የመሠረት መዝገብ ነው። ጤና ኬላው ሄጄ የዚያን ቤት ፎልደር አወጣችልኝ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «ሰይድ፣ የሚጥል በሽታ፣ በሕክምና ላይ»፤ ከሥሩ «ኢክራም፣ የሚጥል በሽታ፣ በሕክምና ላይ» ይላል። መሠረት ጠይቃለች፤ እማማ ሐዋ ከጤና ጣቢያ የመጣ መድኃኒት እየወሰደች ነው ብለዋታል፤ እውነታቸውን ነው። እኔም ካርዴ ላይ የሰጠሁትን ነው የጻፍኩት። ዶክተሩም ከደብዳቤዬ ያነበበውን ነው ያዘዘው። ማናችንም አልዋሸንም። የመሠረት መዝገብና የእኔ ካርድ አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ቢሆን ኖሮ ልጅቱ ትድን ነበር። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እኔም በዓመት ሁለቴ ለክትባት ዘመቻ በዚያ በኩል አልፍ ነበር።

አለቃዬ ጥፋተኛ የለም፣ ቤተሰቡ ነው የደበቀው ብሎ ዘጋው። እኔ ግን ዝም ብዬ መሥራት አልቻልኩም። በወር አንድ ቀን፣ የገበያ ዕለት፣ የየቀበሌው የኤክስቴንሽን ልጆች ፎልደራቸውን ይዘው እንዲመጡ አደረግኩ። ካርዶቼን አወጣለሁ፤ ስም ለስም እናስተያያለን። በመጀመሪያው ቀን ብቻ በሌላ ልጅ ካርድ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች አገኘን፤ ጀሶ ታስሮላቸው ቀጠሮ ያለፈባቸውም ነበሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቤተሰቡ የሚይዘው አንድ ደብተር አወጣን፤ ደሴም ሲሄድ ጠበልም ሲሄድ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ኪኒን የሰጠኋት እናት ሁሉ ፊቴ ከፍላ ታሳየኛለች። ሰልፌ እንደገና አጥሩ ጋ ደረሰ። እንደገና ተገመገምኩ። በዚያኛው ጊዜ ግን ተነሥቼ ስለ ላም ማውራቴን አልተውም አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሰይድ ዛሬ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከጣለው ዓመታት አልፈዋል። ያዳነው ያ አያቱ የሚሰጡት አንድ ተኩል ኪኒን ነበር፤ ሌላ መድኃኒት አልጨመርንለትም።

ሐያት የመጣችው ልጇ በሞተች በስድስተኛው ወር ነው። ሰልፍ ይዛ፣ ተራዋን ጠብቃ ገባች። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ እጇ በሳሙናና በበረኪና የተላላጠ ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረኝ ተነሣሁ። ይቀመጡ አለችኝ። ልትከሰኝ የመጣች መስሎኝ ለመከሰስ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲያውም ብትከሰኝ ቀለል ይለኝ ነበር።

«ካርዷን ያሳዩኝ» አለች።

ካርድ እንዳልነበራት ነገርኳት። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ባቄላውንም ጭምር፣ ሳልደብቅ ነገርኳት። ስጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩትን የሌሎች ልጆች ካርዶች አየች።

«እንግዲያው አሁን ያውጡላት» አለችኝ።

ለሞተ ሰው ካርድ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ተነሥቼ ካርድ ክፍል ሄድኩና አዲስ ካርድ አመጣሁ። ስም ስላት ኢክራም አለችኝ። ዕድሜ ስላት እስከ ቀኑ ነገረችኝ። ጾታ፣ ቀበሌ፣ የእናት ስም፤ ሁሉንም ጠየቅኋት፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ ክብደት የሚለው ላይ ደረስኩ። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። እሷ ስትሄድ ኢክራም የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እኔም አንድ ቀን መዝኛት አላውቅም። ሳጥኑን ባዶውን ተውኩት።